የሥጋ ቤት ጋውን ለብሳ ዶክተር ልትሆን የሄደችው ልጄ

ዛሬ እኔ ራሴ በቀጥታ ሥርጭት ተላለፍኩ። በማይክ! ሙሉ የወላጅ ስብሰባ ፊት!

ለሽልማት እንዳይመስላችሁ። ቁጭ ብላችሁ አንብቡት።

መጀመሪያ ለማታውቁኝ። ያደግሁት ደብረ ኤልያስ አካባቢ ነው፣ ትምህርት ያቆምኩት አራተኛ ክፍል ላይ። ትምህርት ቤታችን ከወንዝ ማዶ ነበር። አንድ ክረምት ወንዙ ሞላ፤ "እንግዲህ ለዘንድሮ ይቅርባት" ተባለ። ከዚያ ወንዙ ጎደለ። እኔ ግን በዚያው ቀረሁ።

አሁን ደብረ ማርቆስ ከተማ ሽንኩርትና ድንች እሸጣለሁ። ፊደሉ አልጠፋኝም፣ ፌስቡክ ይመስገን።

አንዲት ልጅ አለችኝ። ሶልያና ትባላለች፣ ስድስተኛ ክፍል ነች።

ዝምተኛ ናት። እንግዳ ሲመጣ ጓዳ ትገባለች። "ነይ ሰላም በይ" ስላት ወጥታ ግድግዳውን ሰላም ብላ ትመለሳለች።

እንዲህ ያለች ልጅ ምን ትሆናለች? ዶክተር! ዶክተር ብዙ አያወራም። ይጽፋል፣ የጻፈውንም ማንም አያነበውም። ተሳሳትኩ?

ትምህርት ቤቷ ግን ሌላ ሐሳብ አለው። ዓርብ ከሰዓት "የፍላጎት ሰዓት" የሚሉት ነገር አላቸው። ልጆቹ ደብተራቸውን ዘግተው ደስ ያላቸውን ይሠራሉ። አንዱ ችግኝ ይተክላል፣ አንዷ ትስላለች፣ ሌላው የተበላሸ ሬዲዮ ይፈታል። ሲገጥመው ግን አይቼ አላውቅም።

የክፍሏ ኃላፊ መምህርት ሃያት ትባላለች፣ ከደሴ የመጣች ወጣት ነች። ባለፈው ስብሰባ ላይ "ልጁን ሙሉውን ነው የምናስተምረው፤ ጭንቅላቱንም፣ እጁንም፣ ልቡንም" አለችን።

እኔ በሆዴ "ጭንቅላቱ ይበቃን ነበር" አልኩ።

ፈተና ደርሶ ችግኝ? በማን ምድር?

ስለዚህ ወሰንኩ። ሌላ ትምህርት ቤት ሄጄ አየሁ። አጥሩ ረጅም፣ ልጆቹ ዝም ያሉ፣ ከጠዋት እስከ ማታ ጥናት ብቻ። ወፍ እንኳ የሚጮኸው ከውጭ ነው። ደስ አለኝ! ለዛሬ ከሶልያና ትምህርት ቤት ዳይሬክተር ጋር ቀጠሮ ያዝኩ፣ "ልጄን ላስወጣ ነው" ልል።

ዛሬ ደግሞ የሙያ ቀን ነበር። ልጆቹ ወደፊት መሆን የሚፈልጉትን ለብሰው ወላጅ ፊት ወጥተው ያሳያሉ። እሷን አይቼ፣ አጨብጭቤ፣ ከዚያ ወደ ቢሮው። አሪፍ ፕላን።

ሰኞ ዕለት ሶልያና "እማ፣ የምፈልገውን ነው አይደል የምለብሰው?" ብላ ጠየቀችኝ።

"አዎ፣ የዶክተር ጋውን" አልኳት።

"እሺ" አለች።

በቃ፣ እሺ። እሺ ያለን ልጅ ማን ይጠይቃል?

አሁን ጋውን ከየት ይምጣ? የማውቀው ሐኪም የለም። ግን ሁዳዴ ነው። ሁዳዴ ከሆነ ሥጋ ቤት ዝግ ነው። ሥጋ ቤት ከተዘጋ የጎረቤታችን የጋሽ ይበልጣል ነጭ ጋውን ፋሲካን እየጠበቀ ምስማር ላይ ተንጠልጥሏል።

ወዴት እየሄድኩ እንደሆነ ገባችሁ አይደል?

"ጋሽ ይበልጣል፣ ጋውንዎን ለልጄ ያውሱኝ?"

"ምን ልትሆንበት?"

"ዶክተር።"

"ያው መቁረጥ ነው" ብለው አወረዱልኝ።

ዘፈዘፍኩት፣ አጠብኩት፣ በበረኪና ደገምኩት። እጅጌውን አጠፍኩ፣ ታችኛውን ሰፋሁ። አንድ ችግር ብቻ ቀረ። ደረት ኪሱ ላይ በቀይ ክር "ይበልጣል ሥጋ ቤት" ተብሎ ተጠልፏል። የሰው ዕቃ ነው፣ አልተረትረው። የቁስል ፕላስተር ለጠፍኩበት። ፕላስተር ያለበትን ዶክተር ማን ይጠረጥራል?

የልብ ማዳመጫው ደግሞ ቀላል ነበር። የድሮ ስልኬን ኢርፎን አንገቷ ላይ አንጠለጠልኩላት።

ከሩቅ ስታዩዋት ዶክተር። ከቅርብ ደግሞ እንጃ።

አዳራሹ ሞልቷል። አጠገቤ የተቀመጠችው እናት ስልኳን ከፍ አድርጋ ትቀርጻለች፤ ልጇ ከካርቶን የተሠራ አውሮፕላን ወገቡ ላይ አስሮ ፓይለት ሆኗል።

"ያንቺዋስ?" አለችኝ።

"ዶክተር" አልኩ ቀስ ብዬ፣ ሁሉም እንዲሰማ።

አንዱ ልጅ ባልዲ ይዞ ወጣና "ሳድግ የጋሪ ፈረሶችን አክማለሁ" ብሎ ሰኮና እንዴት እንደሚታጠብ አሳየ። ተጨበጨበለት። እኔ ለእናቱ አዘንኩላት።

አሁን ሳስበው ለማን ማዘን እንደነበረብኝ ገብቶኛል።

ሶልያና ወጣች። ማይኩን ያዘች። ሳምንቱን ሙሉ ያስጠናኋትን በሆዴ አብሬ ማለት ጀመርኩ፦ "ስሜ ሶልያና ነው፤ ሳድግ ሐኪም ሆኜ..."

ዝም አለች።

ግድግዳውን ሰላም ልትል ነው ብዬ ተነሥቼ ልይዛት ዳዳኝ።

ከዚያ በሁለት ጣቷ ፕላስተሩን ላጠችው። ኢርፎኑን ካንገቷ አንሥታ ጆሮዋ ላይ ሰካችው።

"ክቡራትና ክቡራን አድማጮቻችን፣ እንደምን አደራችሁ! በቀጥታ ከቤታችን ደጃፍ ነው የምናስተላልፍላችሁ! የዛሬው ግጥሚያ በእናቴና በበሩ ቁልፍ መካከል ነው!"

ምን??

"ስፖንሰራችን ይበልጣል ሥጋ ቤት ነው! ለፋሲካ ብቅ ይበሉ!"

አዳራሹ ፈነዳ። አጠገቤ ያለችው ሴትዮ ስልኳ እጇ ላይ እየተንቀጠቀጠ ነው።

"እናቴ ቁልፉን ይዛለች! ቆለፈች! ሳበችው! ተቆልፏል! ወደ መንገዱ እየወጣች ነው... እየወጣች ነው... ተመለሰች! ምን ረሳች? ምንም አልረሳችም! ደግማ ሳበችው! አሁንስ? አሁን ደግሞ የምድጃው ሶኬት ትዝ አላት! ሶኬቱ ከትናንት ጀምሮ ተነቅሏል፣ ግን ገብታ ታየዋለች! ዳኛው ሰዓታቸውን እየተመለከቱ ነው!"

እዚህ ጋ አንድ አባት ዓይኑን በነጠላው ሲጠርግ አየሁት።

"ባጃጁ መጣ! እናቴ ሹፌሩን እያስማለችው ነው! 'ቀስ ትላለህ? መሃል ላይ ታስቀምጣታለህ? ወንድሜ፣ ልጅ አለህ?' ሹፌሩ ልጅ የለውም! ገና አላገባም! ቢጫ ካርድ!"

ሰዎች፣ ውሸት ቢሆን ኖሮ ቆሜ እከራከር ነበር። ግን ቃል በቃል ነው! እንዲያውም "ወንድሜ ልጅ አለህ" የሚለውን ስትል ድምፄን ነው ያወጣችው።

ከኀፍረቱ መሃል ግን አንድ ነገር አእምሮዬ ውስጥ ይመላለሳል። ይህቺ የኔ ልጅ ናት? ያቺ ጓዳ የምትገባው?

ድምፇን ዝቅ አደረገች።

"አድማጮቻችን፣ አሁን ደግሞ ማንም ያላየውን እናሳያችኋለን። ባጃጁ ሄዷል። እናቴ ቤት የገባች መሰላችሁ? አልገባችም። በአቋራጭ እየመጣች ነው። ከትምህርት ቤቱ ፊት ለፊት አጣና የሚሸጡት ሰውዬ ጋ ደርሳለች። ከተቆለለው አጣና ጀርባ ነች፣ ሻሿ ይታያል። ዋጋ ትጠይቃለች። ሰውዬው መመለስ ካቆሙ ቆይተዋል። እኔ በሩን እስክገባ እዚያ ትቆማለች። ገባሁ። አሁን ሄደች። በየቀኑ ነው።"

"በየቀኑ ነው" ስትል አልጮኸችም። የሳቀም የለም።

የምታውቅ አይመስለኝም ነበር። ማንም የሚያውቅ አይመስለኝም ነበር። አጣና ሻጩ እንኳ ቤት ልሠራ ያሰብኩ መስሏቸው ይሆናል እል ነበር።

ያ በቂ መስሏችሁ ከሆነ ተሳስታችኋል። ከመድረኩ ወርዳ በወንበሮቹ መሃል ወደ እኔ መጣች። ማይኩን አፍንጫዬ ሥር ደቀነችው።

"አሁን ከተጫዋቿ ጋር አጭር ቆይታ እናደርጋለን። እማዬ፣ ከአጣናው ጀርባ ሆነሽ ምን እያሰብሽ ነበር?"

መልስ ነበረኝ። ስለ ወንዙ ልነግራት እችል ነበር። ልጅ አንድ ቀን ከቀረ መመለሱ ቀላል እንዳልሆነ፣ በሩን ስትገባ እስካላየሁ ድረስ ወንዙ የሞላ እንደሚመስለኝ። ሰው ሁሉ አንገቱን አስግጓል።

አፌን ከፈትኩ።

"ሹራብሽ የታለ?"

በማይክ! በሁለቱም ስፒከር!

ሳቁ ደምበጫ ሳይሰማ አልቀረም። ሶልያና ግን ፊቷ ንቅንቅ አላለም።

"አድማጮቻችን፣ ግጥሚያው በእናቴ አሸናፊነት ተጠናቀቀ። እኔ ሹራቤን ልለብስ ሄድኩ።"

ሁሉም ለጭብጨባ ተነሣ። እኔም ተነሣሁ። የተነሣሁት ለመውጣት ነበር፣ ግን አብሬ ያጨበጨብኩ መሰለ፤ የፓይለቱ እናት ፌስቡክ ላይ በለቀቀችው ቪዲዮም እንደዚያ ነው የሚታየው።

መምህርት ሃያት በር ላይ ደረሰችብኝ።

"የሶልያና እናት፣ ተቀየሙን እንዴ?"

"ኧረ ምን በወጣኝ" አልኩ። ፊቴ ሌላ ሳይል አይቀርም።

"በፍላጎት ሰዓት መጀመሪያ ማይኩን ስሰጣት እኮ ጀርባዋን ሰጥታን ግድግዳውን እያየች ነበር የምታወራው። እኔም ተውኳት። ግድግዳውን ስትጨርስ ራሷ ወደ እኛ ዞረች።"

ይህን የነገረችኝ በጥድፊያ ነው፤ ፓይለቱ በሩ ላይ በክንፉ ተቀርቅሮ እየጠራት ነበር።

ቀጠሮዬ ግን አለ። ቀጠሮ አላፈርስም፣ እንደዚያ ዓይነት ሰው አይደለሁም። ዳይሬክተሩ ወንበር ስበው "ምን እንታዘዝ?" አሉኝ።

ያ ረጅም አጥር ትዝ አለኝ። ዝም ያሉት ልጆችም። ሶልያናን በሐሳቤ መሃላቸው አስቀመጥኳትና ሳያት፣ ዓይኗ ወዴት እንደሚዞር ወዲያው ታወቀኝ። ግድግዳው ደግሞ እዚያ ብዙ ነው።

"ማይኩ ይቆራረጣል" አልኩ።

"ምን አሉኝ?"

"ማይኩ። 'ተመለሰች' ስትል ድምፁ ጠፋ። ዋናው ቦታ ላይ! ቢታይ ጥሩ ነው።"

"እናስጠግናለን። ሌላስ?"

"ሌላ የለም።"

ተለወጠች እንዳትሉኝ ብቻ! አልተለወጥኩም። በማይክ ኑሮ ይገፋ እንደሆነ አላውቅም፣ ፈተናውም እንደተደገነ ነው፤ ማታ ማታ ሒሳብ ትሠራለች፣ እሱ ላይ ድርድር የለም። ሥርጭት ከሒሳብ በኋላ።

ስንመለስ መንገድ ላይ "ለምን አልነገርሽኝም?" አልኳት።

"ነግሬሽ ነበር። 'የምፈልገውን ነው አይደል የምለብሰው?' አልኩሽ።"

"እኔ ምን አልኩ?"

"ጋውን።"

ጥሩ ጋዜጠኛ ይወጣታል። ምንጯን በትክክል ትጠቅሳለች።

ጋውኑን አጥፌ ለጋሽ ይበልጣል ይዤ ሄድኩ። ሳልደርስ ቪዲዮውን አይተውታል። ለነገሩ አባቷም ሉማሜ ለሥራ ሄዶ ሳለ ከእኔ በፊት አይቶት "አጣናው ምን ያህል ገባ?" ብሎ ጽፎልኛል።

"ጋውኑ እሷ ጋ ይቀመጥ" አሉኝ ጋሽ ይበልጣል። "ፋሲካ ዕለት ግን ሥጋ ቤቴ በር ላይ ቆማ ታስተላልፍልኛለች። ዶክተር ብትሆን ኖሮ ምን እጠቀም ነበር?"

እንግዲህ ምክር ስጡኝ። ሰኞ ጠዋት የት ልደበቅ? አጣናው ጀርባ ተነቅቶብኛል። ሰውዬው ራሳቸው ዛሬ ሲያዩኝ "ዛሬስ ትገዢያለሽ ወይስ ልጅቷ ገባች?" አሉኝ።

ወይስ ድብብቆሹን ትቼ፣ እጇን ይዤ በሩ ድረስ ልሂድ? ስድስተኛ ክፍል ላለች ልጅ ነውር ይሆን? ስጠይቃት "በቀጥታ ሥርጭት ከሆነ ችግር የለውም" አለችኝ።

ኮሜንት ላይ ጻፉልኝ፣ አነበዋለሁ። አሁን ግን አንድ ጊዜ ልነሣ ነው። በሩን ቆልፌዋለሁ፣ ይመስለኛል። ብቻ ልየው።

ከወዲያኛው ክፍል ይሰማችኋል?

"ተነሣች! አድማጮቻችን፣ ተነሣች!"