ናፍጣ ናፍጣ የሚል ጠላ

የሰው አፍንጫ ሰነፍ ነው። አንድን ሽታ ለጥቂት ሳምንት ከሰጣችሁት ይለምደዋል፤ ከዚያ ወዲያ አያገለግላችሁም። እኔ እዚህ ደባርቅ በአንድ ነዳጅ ማደያ አሥራ አንድ ዓመት ናፍጣ ቀድቻለሁ። በሁለተኛው ወር ናፍጣ ሽታ እንዳለው ረሳሁት። ባሌ አልረሳውም፤ ጋቢውን ለይቶ ነበር የሚተኛው።

ከማደያው አጥር ጀርባ እትዬ ጥሩዬ ይኖራሉ። ጠላ ሻጭ ናቸው። የጃናሞራ ገበሬ ገበያ ከወጣ እሳቸው ቤት ሳይቀመጥ አይመለስም ነበር። ምስጢሩ ግቢያቸው ያለው ጉድጓድ ነው ይሉ ነበር፤ ውሃው ጣፋጭ ነዋ። እኔም ከሥራ ስወጣ በየቀኑ ጎራ እላለሁ። ባል ጋቢ ከለየ ሰው ወዴት ይሂድ?

አንድ ክረምት መሬት ውስጥ ከተቀበረው የናፍጣ ታንካችን ዝቅ ብሎ ባለው ቦይ ውሃው ቀስተ ደመና መስሎ ሲያብለጨልጭ አየሁ። ለኃላፊያችን ነገርኩት። መኪና ያንጠባጠበው ነው፣ አንቺ ሥራሽን ሥሪ አለኝ። ሠራኋ። ልጆች አሉኝ፤ እንጀራዬ እዚያ ነው። እንዲህ ራሴን ሳባብል ዓመት ሞላ።

የእትዬ ጥሩዬ ጠላ ናፍጣ ናፍጣ ማለት የጀመረው ያኔ ነው። ለእኔማ ምን ይሸተኛል? ደንበኞቹ ናቸው የነገሩኝ። ከዚያ አንድ በአንድ ቀሩ። እትዬ ጥሩዬ "ጌሾው ነው" ብለው ከዳባት ገበያ ሌላ አስመጡ። ጋኑን በወይራ ሁለት ጊዜ አጠኑ። እኔ አጠገባቸው ተቀምጬ፣ እስቲ ብቅሉንም ይዩት እላለሁ። ይህን ስጽፍ ዛሬም ፊቴ ይቀላል።

ሕሊናዬ እንቢ ሲለኝ ንስሐ አባቴ ዘንድ ሄድኩ። ስግደት ይሰጡኛል፣ ሰግጄ እገላገላለሁ ብዬ ነው። ሰምተው ሲያበቁ ለሴትዮዋ ነግሬ እንደሆን ጠየቁኝ። አልነገርኩም አልኩ። "ታዲያ እኔ ጉድጓድ ጠራጊ ነኝ?" አሉ። ስግደቱንም አልቀነሱልኝም።

ዛሬ ልነግራቸው፣ ነገ ልነግራቸው ስል ታንኩ ቀደመኝ። የናፍጣው ሒሳብ ቢጎድል ማደያው ተዘግቶ ታንኩን ከመሬት ሲያወጡት ታቹ ወንፊት ሆኗል። ዝም አይነቅዝም ይላሉ። ያ ታንክ ስንት ዓመት ዝም ብሎ ነበር፤ ነቀዘ እንጂ።

ጉድጓዱ ታሸገ። ውሃውን በፓምፕ እየሳቡ፣ አየር እየነፉበት፣ በከሰል ያጣሩት ጀመር። አፈሩንም አውጥተው ላስቲክ ላይ አሰጡት። ፍግ እየቀላቀሉ፣ ውሃ እየረጩ በየጊዜው ይገለብጡታል። ሊያጸዳ የመጣው መሐንዲስ፣ ናፍጣ የሚበሉ ዓይን የማያያቸው ነፍሳት አሉ፣ ፍግና አየር ካገኙ ይበረታሉ አለን። ለገበያ የመጡ አንድ የደረስጌ ሽማግሌ ዱላቸውን ተደግፈው ሲያዩ ቆዩና፣ "መሬቱስ ታረሰ፣ ፍጉንም ጠገበ። እንግዲህ ምን ልትዘሩበት ነው ልጄ፣ ላምባ?" አሉት። መሐንዲሱም ሳቀ።

ፍጉን የሰጡት እትዬ ጥሩዬ ናቸው። በቅርጫት ስናግዝ፣ እንግዲህ የመጣው ይምጣ ብዬ ተናገርኩ።

"እትዬ፣ መፍሰሱን ያኔውኑ አውቄ ነበር።"

ቅርጫቱን አስቀመጡ።

"እኔ ደግሞ ሽታው ያንቺ መስሎኝ" አሉ።

"የእኔ?"

"በየቀኑ ትመጫለሽ፤ በየቀኑ ቤቱ ናፍጣ ናፍጣ ይላል። ከአንቺ ላይ ጠላው ውስጥ ገባ ብዬ ጋኑን ወደ ጓዳ አሸሸሁት። እንግዳን ደግሞ ትሸቻለሽ ይሏል?"

ለካ ለደንበኛው ሁሉ "ጌሾው ነው" ይሉ የነበረው እኔን ላለማሳፈር ኖሯል። እኔ ለእንጀራዬ ፈርቼ ዝም አልኩ፤ እሳቸው እኔን አክብረው ዝም አሉ። በመካከሉ ሰው ናፍጣ ጠጣ። ማልቀስ ስጀምር፣ "በይ ይቅር ይበልሽ። ያንን ጫፍ ያዥ፣ ፍጉ ከብዶኛል" አሉኝ።

ጥቂት ክረምት አለፈ። ዘንድሮ የውሃው ምርመራ መጣና ይጠጣል ተባለ። እትዬ ጥሩዬ በዚያው ውሃ ጠላ ጠመቁ። ቤቱ ሞላ። የመጀመሪያውን ጣሳ ለእኔ ሰጡኝ። "ከእንግዲህ ያወቅሽውን አትደብቂኝ" አሉ፣ ሰው ሁሉ እየሰማ።

እሺ ብዬ ጠጣሁ። ናፍጣ የለም፤ አፍንጫ ያላቸውም መስክረዋል። ግን ቀጥኗል። ምን ላድርግ? ዝምታ ያደረሰውን አይቻለሁ። ቃልም ሰጥቻለሁ።

"እትዬ፣ ትንሽ ቀጠን ብሏል" አልኩ።

"የእኔ ጠላ?" አሉ።

የናፍጣውን ነገር ቅርጫት አስቀምጠው እስኪያነሡ ባለው ጊዜ ነበር የማሩኝ። ስለ ጠላው ካኮረፉኝ ግን ይኸው ሁለተኛ ሳምንታችን ነው። ሰላም ስላቸው የሚመልሱት ለአጥሩ ነው። ደንበኛው ግን ተመልሷል፤ ሳቁ እስከ ቤቴ ይሰማኛል፤ እኔም ከስንት ዘመን በኋላ ደህና እንቅልፍ እተኛለሁ።

ትናንት በአጥሩ አጮልቄ አየኋቸው። አዲስ ድፍድፍ ይበርዙ ነበር። ግራ ቀኝ ተመለከቱ፤ ማንም እንደሌለ ሲያረጋግጡ፣ ጋኑ ውስጥ ሊገለብጡት ካነሡት እንስራ ላይ ግማሹን ውሃ መሬት ላይ ደፉት።