ወይዘሮ ዋንዛ እኔን የተከለች ጊዜ

ዛሬ ንጋት ላይ አንድ ሕልም አየሁ። ሌላው ሰው የሚያየው ዓይነት ቁራጭ ሕልም እንዳይመስላችሁ፤ የእኔ ሕልም ቢዘረጋ ከደብረ ብርሃን አዲስ አበባ ድረስ ድንኳን ይወጣዋል።

በሕልሜ ዛፎች ሰው ይተክሉ ነበር። እኔም ከመቶ ሺህ ችግኞች መካከል ደረቴን ነፍቼ ተደርድሬአለሁ። አንዲት ዋንዛ ነጭ አበባዋን እንደ ነጠላ ትከሻዋ ላይ ጣል አድርጋ መጣች። ከላይ እስከ ታች አየችኝና ችግኝ ሻጩን ዝግባ፣

«ይኼ ቦርጫሙ ያብባል?» አለችው።

«ማበብ ብቻ!» አልኩ ሳልጠየቅ። «እኔ ሳብብ ንቦች ከሱዳን በአውሮፕላን ነው የሚመጡት!»

ወደደችኝ። ግቢዋ ወሰደችኝና እስከ ወገቤ የሚያስገባ ጉድጓድ ቆፈረች። ከዚያ ኮቴን፣ ሸሚዜን፣ ሱሪዬን ታወልቅ ጀመር።

«እሜቴ፣ ኧረ ምን እያደረጉ ነው?»

«እንደ እናንተ ከነላስቲኩ ቀብሬ፣ ፎቶ ተነስቼ ልሂድልህ? ላስቲኩ ካልወለቀ ሥር አይሰድም!»

ግራሩም ጥዱም በአጥር ተንጠራርተው አዩኝ። አገር የሚያውቀውን ቦርጤን በሁለት እጄ ሸፈንኩ፤ እጄ አልበቃ አለ።

አያያዟስ መልካም ነበር። ጠዋት ጠዋት የወገቤን ዙሪያ ትኮተኩታለች፤ ፍግ ታለብሰኛለች፤ በጣሳ ውሃ ታፈስብኛለች። ዙሪያዬን በእሾህ አጥራ አንድ ፍየል ዘበኛ ቀጠረች።

«ወንድሜ፣ አጥሩ ለምኑ ነው?» አልኩት ዘበኛውን። «ፍየል እኮ ሰው አይበላም።»

«ሰው ነው ፍየል የሚበላው» አለኝ ፊቱን ሳያዞር።

የበዓሉ ጥብስ ትዝ አለኝና አንገቴን ደፋሁ።

ችግሩ የወይዘሮ ዋንዛ አፍ ነበር። በአጥር ማዶ ለሚኖረው ለሽማግሌው ኮሶ ስለ እኔ ሳታወራ አትውልም።

«የእኔው እኮ በተተከለ በሳምንቱ ብብቱ ሥር እንቡጥ አወጣ! ሲያብብ ጥቁር መነጽር ሳታደርግ እንዳትመጣ፣ ዓይንህ ይጠፋል!»

ቀስ ብዬ ብብቴን አየሁ። ከድሮው ሌላ ምንም የለም።

«እሜቴ፣ ትንሽ አላበዙትም?» አልኳት በሹክሹክታ።

«አንተ ዝም ብለህ አብብ!»

እኔ፣ ጉራ ሰምቼ ደንግጬ የማላውቅ ሰው፣ ላብ አጠመቀኝ። ጉራ መንዛቱን እንጂ ሲነዛብኝ እንዴት እንደሚያቃጥል ማን ነግሮኝ!

አበባዬ የሚመረቅበት ቀን ደረሰና ዛፎቹ ሥሮቻቸውን እንደ ቀሚስ ሰብስበው መጡ። ሳላጋንን፣ የባሌ ጫካ ባዶውን ቀርቷል። ኮሶ ቀይ ጢሙን እየጠመዘዘ ከፊት ተቀመጠ። ካላበብኩ ወይዘሮ ዋንዛ ከእንግዲህ በዛፍ መካከል ቀና ብላ አትቆምም፤ እኔም እዚያው ፊታቸው እነቀላለሁ።

ከጎኔ ኮሶ የተከለው ሰው ቆሟል፤ ለካ ጎረቤቴ ደርበው ነው። ደርበው በዓመት ሁለቴ የሚናገር ሰው ነው፤ ሁለቴም «ደኅና ዋሉ» ነው የሚለው። አሁን ከአናቱ እስከ ክርኑ ቀይ አበባ ተንዠርግጎበት ንብ ይዞረዋል።

«ይቅርታ፣ ጋሼ» አለኝ አቀርቅሮ። «ሳላስበው ነው።»

«በል፣ ያንተ ተራ!» አለኝ ኮሶ።

አማጥኩ። ፊቴ ጋለ፣ ጆሮዬ ነደደ።

«ቀላ! ቀላ! እያበበ ነው!» ብላ ጮኸች ወይዘሮ ዋንዛ።

«ኧረ አፍሮ ነው» አለ ኮሶ።

ጫካው በሳቅ ቅጠሉን አረገፈ። ወይዘሮ ዋንዛ ብቻ አልሳቀችም። አበባዋን ፊቷ ላይ ጎትታ ተከናነበችና ጎንበስ አለችብኝ።

«ልጄ፣ አንዲት ብቻ» አለችኝ። «ለእኔ ስትል፣ አንዲት።»

መሬት ተሰንጥቆ በዋጠኝ አልኩ፤ ግማሼን ውጦኝ ኖሮ ሌላውን አልፈልግም አለ። ዓይኔን ጨፍኜ፣ ጥርሴን ነክሼ፣ ከእግር ጣቴ ጀምሬ ገፋሁ፤ ገፋሁ፤ ግንባሬ ላይ የሆነ ነገር ቷ ሊል ሲል...

«ተነስ አንተ ሰውዬ!»

ባለቤቴ የሺመቤት ናት። ነግቷል።

«ተነስ እንጂ! የዕድሩ ሰዎች ‹ሰፈሩን በአበባ አለበሰችው› ያልካትን ዋንዛ ሊያዩ መጥተው የአጥሩ በር ላይ ቆመዋል!»

በክፍቱ በር ወደ ግቢ አየሁ። ከወገቤ የማታልፈው ዋንዛችን ጫፏ ላይ ነጭ በነጭ ሆናለች።

«የሺ! አብባለች እኮ!»

«ድምፅህን ቀንስ» አለችና የሶፍት ጥቅልልና ክር እጄ ላይ ጣለችልኝ። «ከታች ያሉት ቅርንጫፎች ላይ አንተ እሰር፤ እኔ ጎንበስ ብዬ ወገቤ ተቆረጠ። ደግሞ ፍጠን፣ ማካፋት ጀምሯል።»