ለአሮጌው ፕሮግራም የተሰጠ ክሊራንስ

በሐይቅ ከተማ፣ ስሙ ባይጠቀስ በማይቀየም አንድ መሥሪያ ቤት ውስጥ፣ ሰኞ ጧት በሁለት ሰዓት ተኩል አንድ ፕሮግራም አልከፈት ማለቱን ለሚመለከተው ሁሉ ስንገልጽ በታላቅ የኃላፊነት ስሜት ነው።

ፕሮግራሙ የልደት ምስክር ወረቀት የሚያትመው ነው። መብራት ሄዶ ሲመጣ ተበላሸ። የኮምፒውተር ባለሙያዋ ኢንሳፍ ከላዩ ላይ እንደገና ልትጭነው ብትሞክር «ቀድሞ ተጭኗል» የሚል መልስ አገኘች። ወደ ኃላፊው ወደ አቶ ሙሐዲን ገባች።

«ጋሼ፣ አሮጌው ሙልጭ ብሎ ካልወጣ አዲሱ አይገባም። ከፕሮግራሞቹ ዝርዝር አጠፋዋለሁ፣ የተረፉ ፎልደሮቹን እለቅማለሁ፣ የኮምፒውተሩ መዝገብ፣ ሬጅስትሪው ውስጥ የተሸጎጠ ቅሬቱን አጸዳለሁ፣ ኮምፒውተሩን አጥፍቼ አበራና አዲሱን እጭናለሁ። መረጃውን ለብቻው አስቀምጬዋለሁ። ሃያ ደቂቃ ቢፈጅ ነው።»

«ስንት ዓመት አገልግሏል?»

«ማን?»

«ፕሮግራሙ ነዋ!»

«ስድስት።»

አቶ ሙሐዲን መነጽራቸውን አወለቁ። «ስድስት ዓመት ያገለገለ በሃያ ደቂቃ ይባረራል? ልጄ፣ ከዚህ ቤት ያለ ክሊራንስ የወጣ የለም። እኔም ጡረታ ስወጣ እሞላለሁ፣ ኢንሻአላህ።»

አርቆ አሳቢነት ማለት ይህ ነው። በዚያው ዕለት ከሰዓት አምስት አባላት ያሉት አሰናባች ኮሚቴ ተቋቋመ። ማክሰኞ ኮምፒውተሩ እንዳይነካካ የጠረጴዛ ልብስ ተደረበበት፤ በሩ ላይም «ሲስተም የለም» የሚል ተለጠፈ።

«ኧረ ጋሼ፣ እኔ እኮ ሰኞ ከምሳ በፊት...» አለች ኢንሳፍ።

«በፊት ብሎ ነገር የለም! ሥራ በቅደም ተከተል ነው» አሏት፤ ወደ ስብሰባ ገቡ።

ረቡዕ ቅጹ በየክፍሉ ዞረ። የንብረት ክፍሉ አቶ ከበደ ለቀልድ ጊዜ የላቸውም።

«በስሙ ወንበር ወጥቷል?» ሲሉ ኢንሳፍን ጠየቁ።

«ፕሮግራም እኮ ነው፣ ጋሽ ከበደ።»

«አልወጣም በይኛ! ጃንጥላስ?»

ከዚያም «አሮጌው ፕሮግራም በመልካም ይዞታ ላይ መሆኑን ዛሬ በዓይኔ አይቼ አረጋግጫለሁ» ብለው ፈረሙ። የጠረጴዛ ልብሱን መግለጥ አላስፈለጋቸውም፤ የሃያ ዓመት ልምድ አላቸው። የቀሩት አራቱም የኮሚቴው አባላት ከሥር ፈረሙ። የቅጹ አንድ ግልባጭ በማታው ሚኒባስ ደሴ ላለው የበላይ አካል ተላከ።

በዚህ ሁሉ መሀል ከአርዲቦ በኩል የምትመጣው ዙለይሃ አግዳሚው ላይ ነበረች። ልጇ ሳጂዳ አንደኛ ክፍል ልትገባ ነው፤ ምዝገባው ሐሙስ ማታ ይዘጋል፤ ያለ ልደት ወረቀት አይመዘግቧትም። ፕላስቲክ ማኅደሯን ደረቷ ላይ ታቅፋ አቶ ሙሐዲን ከስብሰባ በወጡ ቁጥር ትነሳለች።

«የኔ አባት፣ አንድ ጊዜ...»

«አብሽሪ፣ እህቴ! ሲስተሙ ይስተካከላል።» ያልፋሉ።

«ወላሂ፣ ጅዳ የመኖሪያ ፈቃዴን፣ ኢቃማዬን፣ ሳሳድስ እንኳ እንዲህ አልተንገላታሁም» አለች ለአግዳሚው።

ሐሙስ ጧት የስንብቱ ሥነ ሥርዓት ተከፈተ። አቶ ሙሐዲን ኮምፒውተሩ አጠገብ ቆመው ባለ ሦስት ገጽ ንግግር አነበቡ። «ተቋማችን የአሠራር ማነቆዎችን ከሥር መሠረታቸው በመንቀል፣ አሮጌውን በክብር አሰናብቶ አዲሱን የሚቀበልበት ታሪካዊ ዕለት ላይ...»

ዙለይሃ ከአግዳሚው ተነስታ ገባች። ማኅደሯን ከፍታ ወረቀቱን ንግግሩ ላይ አኖረችው።

«ይቅርታ፣ የኔ አባት። ሳጂዳ ከትምህርት ልትቀርብኝ ነው። ማህተም ብቻ ነው የጎደለኝ።»

አቶ ሙሐዲን ወረቀቱን አዩት። የልደት ምስክር ወረቀት ነው፤ የታተመበት ቀን ሰኞ።

«ማን ነው ያተመው?»

«ይቺ ልጅ ናታ። አሮጌውን ነቅላ፣ አዲሱን ጭና፣ በምሳ ሰዓት አተመችልኝ። ማህተሙ እርስዎ መሳቢያ ውስጥ ነው፤ እርስዎ ደግሞ ስብሰባ ውስጥ።»

ኢንሳፍ የጠረጴዛ ልብሱን ገለጠችው። አዲሱ ፕሮግራም ተከፍቶ ቀጣዩን ስም ይጠብቃል። አጨብጭቡ የተባሉት ሠራተኞች እጃቸውን ኪሳቸው ከተቱ።

አቶ ሙሐዲን ንግግሩን አጥፈው መሳቢያቸውን ከፈቱ፤ ማህተሙን መቱላት። ዙለይሃ ቀለሙን እፍ እያለች ወደ ባጃጅ ሮጠች።

ሰው ሁሉ ከተበተነ በኋላ አቶ ከበደ ቅጹን አጣጥፈው ወደ ኢንሳፍ ጠጋ አሉ። ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ።

«ልጄ... ይቺ ወረቀት እንዲያው ሙልጭ ብላ እንድትጠፋ ምን ይደረጋል? ምንም ቅሬት ሳይኖራት?»

«ይህኛውን ቀድጄ እጥለዋለሁ፣ ጋሽ ከበደ» አለች። «ቅሬቷ ግን ደሴ ናት።»