ጥርስ ነቃዩ ከጥርስ ነቃይ ሲሸሽ

ዛሬ የደበቅሁትን ጉድ ላወጣ ነው። ሳቁብኝ፤ ግን እስከ መጨረሻው አንብቡ!

ባለፈው አንድ ልጅ ኮመንት ላይ «ጋሼ፣ እርስዎ እኮ የአርብ ገበያ ጀግና ሐኪም ነበሩ» ብሎ ጻፈልኝ። ላይኩ ዘነበ።

ጀግና?

ተዉኝ እባካችሁ!

በጃንሆይ ዘመን ነው። ታች ጋይንት፣ አርብ ገበያ፣ የክሊኒኩ ድሬሰር ነበርኩ። ያኔ ድሬሰር ማለት ቁስል የሚያጥብ፣ መርፌ የሚወጋ፣ ጥርስም የሚነቅል ሰው ነው። ዶክተር በሌለበት አገር ዶክተሩ እኔ ነኝ! ዓርብ ዓርብ ገበያተኛው እህሉን ሸጦ ሲያበቃ ጉንጩን ይዞ ወደ እኔ ይመጣል። እኔም ጉጠቴን ከኋላዬ ደብቄ «አይዞህ፣ ጉንዳን የነከሰህ ያህል ነው» እላለሁ።

ውሸታም!

የእኔው የግራ መንጋጋ ጥርስ ከበሰበሰ አምስት ዓመቱ ነበር።

አዎ፣ አምስት! በቀኝ በኩል ብቻ ነበር የማኝከው። ቀዝቃዛ ውኃ ስጠጣ አንገቴን እንደ ዶሮ አዘንብዬ ነው። ከኪሴ ቅርንፉድ አይጠፋም።

«ለምን አላስነቀልክም?» በሉኝ። ሄጄ ነበር እኮ! ደብረ ታቦር ሆስፒታል ድረስ ሄጄ፣ የጥርስ ሐኪሙ ወንበር ላይ ተቀምጬ፣ አፌን ከፍቼ... ጉጠቱ ሲመጣ አየሁትና «አንዴ ሽንት ቤት ደርሼ ልምጣ» አልኩ።

እንደወጣሁ ቀረሁ።

የሰው ጥርስ ስነቅል እጄ አይንቀጠቀጥም። ግን ያን ድምፅ አውቀዋለሁ፤ ሥሩ ከአጥንት ሲላቀቅ የሚያሰማውን ቀጭን ስንጥቅታ። እሱ ከራሴ ጭንቅላት ውስጥ ሲወጣ እየታሰበኝ ላብ ያጠምቀኛል።

አንድ ዓርብ እመት ትርንጎ የሚባሉ ባልቴት ከቆላው መንደር በበቅሎ መጡ። ጉንጫቸው አብጦ አንድ ዓይናቸውን ጋርዶታል። ሳያቸው ደነገጥኩ። እንዲህ ያለ እብጠት ወደ አንገት ከወረደ ትንፋሽ ይዘጋል። «ዛሬ ነገ» ሲል የቆየ አንድ ገበሬ እጄ ላይ ሞቶብኛል።

«ይቀመጡ እሜቴ፣ ጉንዳን የነከሰዎ ያህል ነው» አልኩ።

እሳቸው ግን አሸተቱኝ።

«ቅርንፉድ ትሸታለህ። አፍህን ክፈት እስቲ!»

በር ላይ ሃያ ሰው ተሰልፎ ያያል። ምን ላድርግ? ከፈትኩ።

«ወይ ጉድ! ይህ ጥርስ ነው መቃብር?»

ሰልፉ በሳቅ ፈነዳ። እሳቸው ግን አልሳቁም፤ ነጠላቸውን አጣፍተው ተነሡ። «አንተ ያላመንኸውን ጉጠት እኔ ልመን?» አሉ። ከኋላቸው ግማሹ ሰልፍ አብሮ ተነሣ።

ያኔ የሞተብኝ ገበሬ ፊቴ ድቅን አለ።

«እሜቴ፣ ዛሬ ይነቀልልዎት። እኔ ደግሞ ሰኞ ደብረ ታቦር ሄጄ አስነቅላለሁ። በንጉሥ አምላክ!»

«መሐላ ነፋስ ነው» አሉና ተመልሰው ተቀመጡ። «እኔው ራሴ እወስድሃለሁ።»

ነቀልኩላቸው። ትንፍሽ አላሉም! ያን ሁሉ መግል ተፍተው፣ አፋቸውን ተጉመጥምጠው፣ «ሰኞ» ብለውኝ ሄዱ።

ይረሱታል ብዬ ነበር።

ሰኞ ማለዳ በሬ ላይ በቅሎ ሲያናፋ ሰማሁ። እብጠታቸው ጎድሎ፣ ሁለቱም ዓይናቸው ተገልጦ፣ ልጓም ይዘው ቆመዋል። «ሥራ አለብኝ» አልኩ። «ጥርስህም ሥራ ይዟል» አሉኝ።

ደብረ ታቦር ያኔ የሁለት ቀን የበቅሎ መንገድ ነው። ያገኘን መንገደኛ ሁሉ «ማን ታሞ ነው?» ይላል።

«ሐኪሙን ሐኪም ዘንድ ልወስደው ነው!» ይላሉ እሳቸው፣ በሙሉ ድምፅ።

ሆስፒታል ደረስን። የጥርስ ሐኪሙ ያው የድሮው ሰውዬ ነው። ረስቶኝ ይሆናል ብዬ በልቤ ተሳልኩ። ቀና ብሎ አየኝና፣

«ሽንት ቤቱ ሩቅ ነበር መሰለኝ» አለ።

«ምን ማለቱ ነው?» አሉ እመት ትርንጎ።

መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ!

ተቀመጥኩ። «ጉንዳን የነከሰ ያህል ነው፣ አይደል?» አልኩት በልመና።

«አይደለም» አለ። «ማደንዘዣው ሕመሙን ያበርደዋል። ሲገፋህና ሲሰነጠቅ ግን ይሰማሃል። ከባሰብህ እጅህን አንሣ፣ አቆማለሁ።»

ወዲያው እጄን አነሣሁ።

«ኧረ ልጄ፣ ገና አልነካህም!» አሉ እመት ትርንጎ።

ሐኪሙ ግን አልሳቀም። ቆመ። ማደንዘዣውን ሊወጋኝ ሲመጣ እንደገና አነሣሁ፤ እንደገና ቆመ። ጉጠቱን ሲያነሣ ሦስተኛ አነሣሁ፤ አሁንም ቆመ፣ ምንም ሳይቆጣ። በአራተኛው እጄ ጉልበቴ ላይ ቀረ። ለምን እንደሆነ እኔም አላውቅም። ይቆማል፤ ዕውነቱን ነው፤ ይህ ሰው ይቆማል።

ከዚያ ያ ድምፅ መጣ። ቀጭን። ከጭንቅላቴ መሐል።

«እናቴ ድረሽልኝ!!»

እሪታዬ እንዴት እንደነበር ልንገራችሁ? ውጭ ተራ ይጠብቁ የነበሩ ሁለት ጎልማሶች ተነሥተው ጠፉ! እመት ትርንጎ ከኋላቸው እየሮጡ «ተመለሱ! ይሄ ሐኪም ነው፣ ሐኪም ሁሉ እንዲህ ነው!» ሲሉ ይሰማኛል።

አለቀ።

አዎ፣ በቃ ይኸው ነበር! እግሬን ታጥቤ ለመጨረስ ከዚህ የበለጠ እቆያለሁ። ጥጡን ነክሼ አለቀስኩ፤ ከሕመሙ አይደለም። አምስት ዓመት ሙሉ በግራ በኩል ያላኘክሁት ቆሎ ታወሰኝ መሰለኝ።

በቀጣዩ ዓርብ ክሊኒኩን ስከፍት ወሬው ቀድሞኛል። ማን እንዳወራው ገምቱ! በሃፍረት ቀና ማለት አቃተኝ። «በቃ፣ ማንም አይመጣም» ብዬ ወደ በሩ ብመለከት፣ እንዲያ ያለ ረጅም ሰልፍ አይቼ አላውቅም። ለዓመታት ከበር የሚመለሱብኝ ፈሪዎች ሁሉ መጥተዋል!

የመጀመሪያው አንድ ግንባሩ የሰፋ ገበሬ ነበር። ቁጭ አለና «ያማል?» አለኝ።

አፌ ለልማዱ ሊዋሽ ሲከፈት ያዝኩት። «ሲገፋህ ይሰማሃል። እጅህን ካነሣህ አቆማለሁ።»

ያ ሰውዬ ዘጠኝ ጊዜ እጁን አነሣ! ዘጠኝ ጊዜ ቆምኩ። ሰልፉ አጉረመረመብኝ። ሲያበቃ ደሙን ተፍቶ፣ «አንተማ ደህና ሰው ነህ፤ ከእኔ የባስክ ፈሪ ነህ አሉ» ብሎኝ ሄደ።

ከዚያ ወዲያ ስንቱን ጥርስ እንደነቀልኩ አላስታውስም። ጀግና ግን አልነበርኩም። አንዲት ባልቴት በበቅሎ ጎትተው ያስነቀሉኝ ፈሪ ነኝ።

ትምህርቱ ምንድን ነው ካላችሁኝ፣ ፈሪን ፈሪ ያክመው ነው የምለው!

አሁን ይህን ስታነቡ ምላሳችሁ ሄዶ አንዱን ጥርስ ነካ ያደረገባችሁ አላችሁ።

አወቅኋችሁ!

ስንት ዓመት ሆነው?