ቴፕ ታቅፎ ለቅሶ

የመኪናውን በር ሳይቆልፍ ቴፑን ግን ነቅሎ ታቅፎ የሚዞር ሰው አጋጥሟችሁ ያውቃል? እኔ አጋጥሞኛል፤ ፍኖተ ሰላም ከተማ ጎረቤቴ የሆነ ሰው ነው። ገበያም ሄደ ቤተ ክርስቲያን፣ ቴፑ በጨርቅ ተጠቅልሎ ከጋቢው ሥር ነው። የአገሩ ሌባ ሁሉ ሥራ ፈትቶ የእሱን ቴፕ የሚጠብቅ ይመስለዋል።

ባለፈው ቡሬ ለቅሶ አብረን ሄድን። ድንኳኑ በር ላይ አንዲት እናት ጥቅሉን አይተው «እግዜር ይስጥልን ልጄ» አሉና ተቀብለውት ወደ ጓዳ ገቡ። ለሐዘንተኛ የሚበላ እዝን ያመጣ መስሏቸው ነው። ለቅሶ ቤት ገብቶ «ቴፔን መልሱልኝ» ይባላል እንዴ? ተቀመጠና እንባውን ለቀቀው። ምን ልበላችሁ፣ የሟች ልጆች የራሳቸውን ለቅሶ ትተው እሱን ማጽናናት ያዙ።

ምሳ ሊቀርብ ሲል እናትየዋ ጥቅሉን ይዘው ብቅ አሉ።

«ልጄ፣ ይኼስ የሚበላ አይደለም።»

«ተመስገን!» ብሎ ጮኸ። ድንኳኑ ሙሉ ሰው ዞሮ አየው። እኔም ሳቄ ሊያመልጠኝ ሲል አፌን በጋቢዬ አፈንሁት።

ከዚያ ወዲህ ለቅሶ ሲሄድ ቴፑን መኪናው ውስጥ ትቶ ይገባል። እንባውም እዚያው ከቴፑ ጋር ይቀራል።