ጋሽ ቅልጥም ጎመን ሲቀቅሉ

ሥጋ ቀንሶ ዝም ያለ ሰው ተፈልጎ አልተገኘም። ሲጋራ ያቆመ ጥቂት ጊዜ ያሰለቸንና ይተወናል፤ አዲስ መኪና የገዛም ውሎ አድሮ ወሬ ይቀይራል። ሥጋ የቀነሰ ግን ምስሩ ሳይፈላ እሱ ይፈላል። በየቤተሰቡ አንድ አይጠፋም፤ ለእኛ የደረሱን ደግሞ የእህቴ ባል፣ ባለ ጋራዡ ክቡር ጋሽ ቅልጥም ናቸው።

ስሙን ያወጡላቸው መካኒኮቻቸው ናቸው። ቅልጥም ፊታቸው ከቀረበ ስልክ ቢጮህ አይሰሙ፣ ሰው ቢመጣ አያዩ። "ጎመን በጤና" የሚል ካጋጠማቸውም "ጤናውን ለእኔ፣ ጎመኑን ለአንተ" ብለው ነበር የሚሸኙት።

ነገሩ የመጣው በእህቴ በኩል ነው። ሐኪሙ ሥጋም ጨውም ቀንሺ አላት። እሷ ግን ከሥጋው ጋር መብላቱንም ቀነሰችው። ለብቻዋ በትንሽ ድስት ድንች ትቀቅልና አንድ ሁለቴ ጎርሳ "ጠገብኩ" ትላለች። ቀሚሷ ሰፋት፤ ቀለበቷ እየወለቀ አስቸገራት። ማዶ ተቀምጠው ሥጋቸውን የሚበሉት ጋሽ ቅልጥም አንጀታቸው አልችል አለ። አንድ ቀን ሹካቸውን አስቀመጡና "በአንድ ቤት ሁለት ድስት አይጣድም" ብለው አወጁ። ከዚያ ወዲያ ሥጋ ለእሁድ ብቻ ተፈቀደ፤ የወጥ ቤቱም ሥልጣን ወደ ባለ ጋራዡ ተዛወረ።

ጋሽ ቅልጥም ሽንኩርት የሚከትፉት የብየዳ መነጽር አድርገው ነው። ድስቱ ላይ ጆሯቸውን አስጠግተው ያዳምጡና "ገና አልሞቀም፣ አትንኩት" ይላሉ። የመጀመሪያ ዕለት ደረቅ ባቄላ ሳይዘፈዝፉ ጣዱ። ቀኑን ሙሉ ፈላ፤ ባቄላው ግን ወይ ፍንክች። እኔ ጥርሴን ይዤ ሳቃስት፣ አንዷን ፍሬ በሁለት ጣታቸው አንስተው አገላብጠው አዩና "ፎርጅድ ነው" ሲሉ ፈረዱ። በማግስቱ ባለ ሱቋ ዘንድ ሄደው ኦሪጅናሉን ስጪኝ አሏት አሉ። ሴትዮዋ ሳቋ ሲወጣላት፣ ውኃ ውስጥ ይደር ብላ መክራ ሸኘቻቸው።

አዲስ ምግብ ለእህቴ ከመቅረቡ በፊት በእኛ ላይ ይሞከራል። ተጠግኖ ያልተሞከረ መኪና ለባለቤቱ አይመለስም ባይ ናቸው። እንጉዳይ በነጭ ሽንኩርት ጠብሰው ያቀርቡና "ሥጋ መሰለህ አይደል፣ አማቼ?" ይሉኛል። መሰለኝ ካልኩ ይጨመርልኛል፤ አልመሰለኝም ካልኩ እስኪመስለኝ ድረስ ይጨመርልኛል። ጨው እንዳልለምን፣ ጨዉን ከመፍቻዎቹ ጋር በብረት ሳጥን ቆልፈውበታል። መካኒኮቹማ ምሳ ሰዓት ሲደርስ መኪና ሥር መግባት ጀምረዋል፤ እዚያም ሳህን እየተገፋ ይደርሳቸዋል።

ይህ ሁሉ ሲሆን እህቴ ያው ናት። ትቀምሳለች፣ "ጥሩ ነው" ትላለች፣ ሳህኑን ገፋ ታደርጋለች። በእሷ ቋንቋ "ጥሩ ነው" ማለት አንሱልኝ ማለት ነው። ያኔ እኚያ ግዙፍ ሰውዬ ሳህኑን ይዘው ቀስ ብለው ወደ ወጥ ቤት ይመለሳሉ። ምን ጎደለው እያሉ ለብቻቸው ሲያወሩ ሰምቻለሁ።

አንድ ቀን ሥጋ ቤት ሲገቡ አየኋቸው። ድመት መንኩሳ ዓመሏን አትረሳ ብዬ፣ እጅ ከፍንጅ ልይዛቸው ደስ እያለኝ ከኋላቸው ተከተልኩ። እሳቸው ግን ባለ ሥጋ ቤቱን ይዘው፣ ጥብሱን እንዲያ የሚያጣፍጠው ሥጋው ነው ወይስ ሌላ ነገር እያሉ ያፋጥጡታል። ሰውዬው እጁን እየጠረገ፣ ሽንኩርቱ ነው ጌታዬ፣ አያጣድፉት፣ በቀስታ ይቁላላ አላቸው። ጋሽ ቅልጥም አመስግነው ባዶ እጃቸውን ወጡ። እኔም አፍሬ በሌላ መንገድ ሄድኩ።

ባለፈው ቅዳሜ እንደ ልማዴ እያጉረመረምኩ፣ ሆዴን ባዶ አድርጌ ሄድኩ። ሽታው ከደረጃው ጀምሮ ተቀበለኝ። ስገባ እህቴ ድስቱን ጠረጴዛ ላይ አውጥታ በዳቦ ትጠርጋለች፤ ቀና ብላም አላየችኝ።

"አንተ፣ ምን አድርገህበት ነው?" አለች ባሏን።

"ምስር ነው። ሽንኩርቱን አላጣደፍኩትም።"

"ለአንተስ ቀርቷል?"

"እኔ በልቻለሁ" አሉ ጋሽ ቅልጥም።

አልበሉም። ፊታቸውን ወደ ቧንቧው አዙረው ንጹሕ ሳህን ያጥቡ ጀመር። ትከሻቸው ሲንቀጠቀጥ አየሁ፤ እየሳቁ ይሁን እያለቀሱ አልጠየቅኳቸውም። እኔ እኚህን ሰው እወዳቸዋለሁ፤ ምስር ባይችሉም እወዳቸው ነበር።

ግን ርቦኝ ነበርና፣ ከአፌ አምልጦኝ "ለእኔስ?" አልኩ። እስከዚያች ቀን ስሸሸው የኖርኩት ምግብ ማለቁን ሳይ እንደ ሕፃን ከፋኝ።

ጋሽ ቅልጥም ዓይናቸውን በክንዳቸው ጠርገው ዞሩና፣ ቢላና ሽንኩርት ወደ እኔ ገፋ አደረጉልኝ። ተቀምጬ መላጥ ጀመርኩ።

"በዛ አድርጉት" አለች እህቴ፣ "እኔም እደግማለሁ።"