ክቡር ለእኔ ተወው እና የገንዳው ጨው

በየሰፈሩ ቢያንስ አንድ «ለእኔ ተወው» የሚል ጎረቤት አይጠፋም። ቧንቧ ሲያንጠባጥብ ከባለቤቱ ቀድሞ የሚሰማው እሱ ነው። የእኛ ሰፈሩ ክቡር ለእኔ ተወው የግድግዳ ሰዓቴን ከጠገኑልኝ ወዲህ ሰዓቱ ወደ ኋላ ይቆጥራል። የበሩን ደወል የነካኩ ጊዜ ደግሞ እንግዳ በደወለ ቁጥር የሳሎኑ መብራት ይጠፋ ነበር። ባለቤቴ እታለም በሕይወት ሳለች «ተወው፣ ካልነካካ እንቅልፍ አይወስደውም» እያለች መፍቻውን ራሷ ታቀብላቸው ነበር።

እሷ ካረፈች ወዲህ መዋኛ ገንዳችን ውስጥ የገባ ሰው የለም። በቀደም ልጄ ደወለች።

«አባዬ፣ ቅዳሜ ልጆቹን ይዤ እመጣለሁ። እማዬ ያስተማረቻቸውን ዋና ሊረሱት ነው።»

ሄጄ ሳየው ውሃው አረንጓዴ መሆን ጀምሯል። ከጨው ክሎሪን የሚያወጣው ማሽን «ጨው አንሷል» ብሎ፣ ቀይ መብራቱን አብርቶ ሥራ አቁሟል።

ክቡርነታቸው በአጥሩ ላይ ብቅ አሉ። «ለእኔ ተወው።»

አንድ ጆንያ ጨው ገለበጡ። ማሽኑ «አንሷል» አለ። ሌላ ደገሙ። አሁንም «አንሷል»። ውሃውን በጣታቸው ቀመሱና ፊታቸው ተጨማደደ።

«እ?» አልኩ።

«ትንሽ ይቀረዋል።»

«ሰውዬ፣ ባሕር አደረግኸው እኮ።»

«ማሽን አይዋሽም። የሚዋሸው ምላስ ነው።»

ሦስተኛውን ጆንያ ያዝኩባቸው። «ልጆቹ የሚመጡት ለመዋኘት ነው እንጂ በጨው ታሽተው ሊቀመጡ አይደለም።»

«እንግዲያው ሆዱን እንየው» አሉ ቅር እያላቸው።

ማሽኑን ከመብራት ነቅለን ፈታነው። ውስጡ ያሉት ስስ ብረቶች ነጭ ቅርፊት ለብሰዋል። ለካ ማሽኑ ጨውን የሚለካው በእነዚሁ ብረቶች ኖሯል። «ለእኔ ተወው» እስኪሉ ጠበቅሁ። እሳቸው ግን ብረቶቹን ወደ ብርሃን አንሥተው አገላበጧቸው።

«እታለም ከማንቆርቆሪያችሁ የምታስለቅቀው ይሄንኑ ነበር» አሉ በመጨረሻ። «በአቼቶ። እኔ በቢላ ልፋቀው ስል ነጠቀችኝ።»

በጉርብትናችን ዘመን ሁሉ ከሌላ ሰው የተማሩትን ነገር ሲናገሩ ስሰማ ይህ የመጀመሪያዬ ነው። አቼቶው እሷ ያስቀመጠችበት መደርደሪያ ላይ ነበር። ብረቶቹን ዘፍዝፈን ጎን ለጎን ተቀመጥን፤ ቅርፊቱ አረፋ እያወጣ ሲለቅ አየን።

መልሰን ስንገጥመው ማሽኑ ጥቂት አሰበና «ጨው በዝቷል» አለ።

«አሁን ገና መዋሸት ጀመረ» አሉ ክቡርነታቸው።

ከውሃው ብዙውን አፍስሰን በንጹሕ ተካነው።

ቅዳሜ ልጆቹ ሲንቦጫረቁ ዋሉ። አመሻሹ ላይ ክቡርነታቸው በአጥሩ ላይ ብቅ ብለው፣ «ማሽኑ የሆነ ድምፅ ያሰማል ልበል?» አሉ።

ማሽኑ ምንም ድምፅ የለውም። መፍቻውን አቀበልኳቸው።